ኤርሲሊያ ዘንጓን ያነሳች ዕለት

ኤርሲሊያ ቶኔሊ ከአሥር ዓመት በኋላ ወደ ቦርጎሬና ስትመለስ የከተማው አፍ ሁሉ እሷ ላይ ዋለ። በዳቦ ቤቱም፣ በፀጉር ቤቱም፣ ከፖ ወንዝ ዳር ዓሣ በሚሸጥበትም ቦታ ሌላ ወሬ ጠፋ።

«ሴት ኦርኬስትራ ልትመራ ነው አሉ!»

«የማን ልጅ ናት እሷ?»

«የፕሪሞ ናታ! የላም አላቢው!»

«በል ተው! ያቺ ቀጫጫ? ነፋስ የሚወስዳት?»

«ነፋስማ ወስዷት ነበር። ይኸው መልሶ አመጣት።»

አልተሳሳቱም፤ የላም አላቢ ልጅ ናት። አባቷ ፕሪሞ ቶኔሊ በሬባልዲዎች ርስት ላይ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ሌሊት እየተነሳ ከብት ሲያልብ ኖሯል። የተወለደችውም ከበረቱ ጋር ግድግዳ በሚጋራው የርስቱ ቤት ውስጥ ነው። በዘጠኝ ዓመቷ ለሰበካው ቄስ የኦርጋኑን ወናፍ ትነፋ ነበር፤ በአሥር ዓመቷ ቄሱ ቁርሱን ሲበላ እሷ ተቀምጣ ትጫወተው ጀመር። ፓርማ ሄዳ ሙዚቃ ተምራ ስትጨርስ የቦርጎሬና ቲያትር ቀጠራት፤ ሥራዋ ግን ለዘፋኞች በፒያኖ ድርሻቸውን ማስጠናት ነበር። ስድስት ዓመት አስጠናች። አንድ ቀን ደፍራ «ልምራ» ስትል የኦርኬስትራው መሪ፣ አሮጌው ማዬስትሮ፣ ጉንጯን ቆንጠጥ አድርጎ፣ «ልጄ፣ ኦርኬስትራ ፈረስ ነው፤ ቀሚስ ለብሰው አይጋልቡትም» አላት። በዙሪያው የነበሩት ሁሉ ሳቁ። ያልሳቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ያ ሰው ኮራዶ ሬባልዲ ነው። ኦቦ የተባለውን ቀጭን የእንጨት መሣሪያ ይነፋል። የባለርስቶቹ አንድያ ልጅ ሲሆን፣ እናቱ ዶና ኦታቪያ ለጠበቃነት ብታስበውም እሱ ከኦርኬስትራው መሃል ወንበሩን ይዞ አልነሳም አለ። የአላቢው ልጅና የባለርስቱ ልጅ ተዋደዱ። ሁለት ዓመት በዓይን፣ በኖታ ወረቀት ጠርዝ ላይ በተጻፉ ቃላት፣ በወንዙ ዳር ባሉ ዛፎች ሥር ተዋደዱ። በኋላ የልዩብልያና ኦፔራ ኤርሲሊያን በረዳት መሪነት ሲቀበላት አብረው ሊሄዱ ተማማሉ። ባቡሩ መጣ። ኮራዶ አልመጣም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሦስት መስመር ደብዳቤ ደረሳት።

«አትጠብቂኝ። አትመለሺ። ሥሪ።»

ደብዳቤውን አቃጠለችው። ቃሎቹን ግን እሳት አልበላቸውም። በነዚያ ሦስት ቃላት ንዴት ልዩብልያናን ያዘች፤ ከዚያ ዛግሬብን፣ ከዚያ ግራትስን። ጋዜጦች ስሟን መጻፍ ጀመሩ። በመካከሉ አንድ ጊዜ ብቻ ለእናቷ ለአርጂያ ቀብር መጥታ ነበር። ኮራዶ ከመቃብሩ ርቆ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ ዝናብ እየመታው ቆሞ አይታው ፊቷን አዞረች።

አሁን አሮጌው ማዬስትሮ ደረጃ ላይ ወድቆ ዳሌው ተሰበረ። የዓመቱ መክፈቻ፣ ቦርጎሬናዎች እንደ ጸሎት በቃላቸው የሚያውቁት ኦፔራ «የወንዙ ሙሽራ»፣ ሦስት ሳምንት ሲቀረው መሪ አጣ። የቲያትሩ ኃላፊ ሲኞር ባርቢየሪ ጨነቀው፤ በጭንቀቱ ቴሌግራም ላከላት። በዚያው ቀን «እመጣለሁ» ብላ መለሰች። ለአባቷ ብላ እንደምትሄድ ለራሷ ነገረችው። ራሷ ግን አላመነቻትም።

*

የመጀመሪያው ልምምድ ዕለት መድረኩ ፊት ስትቆም ስልሳ ሰው ሽቅብ አያት። ቼሎ የሚመታው ጋርዲኒ፣ የኦርኬስትራው ቀልደኛ፣ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ሲኞሪና፣ ይቅርታ፤ ፒያኖው በስተግራ በኩል ነው።»

ሳቅ ከወንበር ወንበር ተላለፈ።

«አመሰግናለሁ ሲኞር ጋርዲኒ፤ ቦታውን አውቀዋለሁ» አለች ኮቷን እያወለቀች። «እርስዎስ ሁለተኛው ክፍል መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ የሚጠፋብዎትን መስመር በነዚህ አሥር ዓመታት አገኙት?»

አሁን ሳቁ ወደ ጋርዲኒ ዞረ። እሱም ራሱን እያከከ «እየፈለግሁት ነው» አለ።

«እንግዲያው አብረን እንፈልገዋለን። መቃኛ ስጡን።»

ስልሳ መሣሪያ የሚቃኘው በኦቦው ድምፅ ነው። ኦቦው አንዲቷን ድምፅ ይነፋል፤ ሌላው ሁሉ እሷን ተከትሎ ይስተካከላል። ኮራዶ ሬባልዲ ኦቦውን አነሳ። በጆሮ ግንዱ ላይ ሽበት ገብቷል። ዓይኑን ከዓይኗ አገናኝቶ ያቺን ድምፅ ነፋ፤ ቀጭን፣ ቀጥ ያለች፣ ያልተንቀጠቀጠች። ኤርሲሊያ በልዩብልያናም በግራትስም ይህችን ድምፅ ከስንት ሰው ሰምታለች። አንዳቸውም ግን ወደ ወንዙ ዳር ዛፎች አልመለሷትም። የኖታ መጽሐፏን ገለጠች፤ ገጹ ለጥቂት ጊዜ ነጭ ወረቀት ሆኖ ታያት።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ከኮራዶ አንደበት ከ«አዎ ማዬስትሮ» በቀር ሌላ ቃል አልወጣም። ሌሎቹ ገና እንደ ማንኛዋም ወጣት ሴት «ሲኞሪና» እያሉ ሲፈታተኗት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ማዬስትሮ» ብሎ የጠራት እሱ ነው። ይህም አናደዳት።

በሦስተኛው ክፍል ሙሽራይቱ ወንዝ ዳር ቆማ የማይመጣ ሰው ስትጠብቅ ኦቦው ብቻውን የሚያለቅስባት ረጅም ዜማ አለች። ኮራዶ እሷን ሲነፋ ኤርሲሊያ የመሪነት ዘንጓን በድንገት አወረደች።

«ሲኞር ሬባልዲ፣ ይህን ዜማ በፍርሃት ነው የሚነፉት። ሰው የሚወደውን እንዲህ ነው የሚሰናበተው?»

ኮራዶ ኦቦውን ጉልበቱ ላይ አስተኛ።

«ሌላ አሰነባበት አላውቅም ማዬስትሮ።»

የቀድሞውን ታሪክ የማያውቅ ሰው በቦርጎሬና አልነበረም። ጋርዲኒ እንኳ ወደ ጫማው አጎነበሰ።

«እንግዲያውስ ይማሩ» አለች ኤርሲሊያ። «ከመጀመሪያው።»

እንደገና ነፋው፤ እንደገናም እንደዚያው። እሷም እንደገና አላስቆመችውም፤ ካስቆመችው እንባዋ እንደሚቀድማት አውቃለችና።

*

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ የመጨረሻው ልምምድ አለቀ። ኤርሲሊያ በልብስ መቀየሪያ ክፍሏ ፊቷን ስትታጠብ በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። ዶና ኦታቪያ ሬባልዲ ጥቁር ጓንቷን ሳታወልቅ ገባች። የሰባ ዓመት ሴት ብትሆንም ጀርባዋ እንደ ዘንግ ቀጥ ያለ ነው። የቲያትሩ የግል ሰገነት ባለቤቶች ሰብሳቢ እሷ ናት።

«ቁጭ በይ» አለቻት፤ በገዛ ክፍሏ።

«ቆሜ መስማት ለምጃለሁ ዶና ኦታቪያ። ሥራዬ ነው።»

«ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አልወድም። ከቦሎኛ የመጣ ማዬስትሮ ከትናንት ጀምሮ ሆቴል ተቀምጧል። ኦፔራውን በቃሉ ነው የሚያውቀው። አንቺ ዛሬ ማታ ትኩሳት ይይዝሻል። ነገ እሱ ይመራል።»

«ትኩሳት የለብኝም።»

«ይይዝሻል አልኩሽ!» አሮጊቷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የፊታችን ማክሰኞ ሳን ማርቲኖ ነው።»

ኤርሲሊያ ፎጣውን አስቀመጠች። በዚያ አገር የሳን ማርቲኖ ቀን ምን እንደሆነ ለጭሰኛ ልጅ አይነገራትም። ባለርስት የማይፈልገውን ቤተሰብ የሚያስወጣው፣ መንገዱም ፍራሽና ድስት በጫነ ጋሪ የሚሞላው በዚያ ቀን ነው።

«አባትሽ ማለብ ካቆመ ሦስት ዓመቱ ነው። በቤቴ የሚኖረው በቸርነቴ ነው። ሰባ ሁለት ዓመቱ መሰለኝ። ለጋሪ አይሆንም።»

«ያስፈራሩኛል?»

«አስረዳሻለሁ። አንቺ ብልህ ነሽ። ልጄም ብልህ ነበር፤ ያን ጊዜ አንድ ጊዜ ስነግረው ገባው። እናትሽ በዚያ በታመመ ሳንባዋ ጋሪ ላይ ስትጫን ከማየት ባቡሩ ቢያመልጠው መረጠ። አንቺም...»

ዶና ኦታቪያ አፏን ዘጋች። ግን ቃሉ ወጥቷል። ኤርሲሊያ ጠረጴዛውን ያዘች።

«ምን አሉኝ?»

«ያለፈ ነገር ነው።»

«እንዲቀር ያደረጉት እርስዎ ነዎት? በእናቴ ነፍስ ነው ያስያዙት?»

አሮጊቷ ጓንቷን አስተካከለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗ ሸሸ። «አንድ ልጅ ነው ያለኝ» አለች። «አንድ። አንቺ ልትወስጂው ነበር።» ከዚያ በሩን ከፍታ ወጣች።

ኤርሲሊያ ለብቻዋ ቀረች። አሥር ዓመት ሙሉ እንደ ምርኩዝ የተደገፈችው ጥላቻ ከሥሯ ሲንሸራተት ተሰማት፤ ምንም ሳይቀራት ባዶ ሜዳ ላይ የቆመች መሰላት።

*

ኮቷን በትከሻዋ ጣል አድርጋ ወደ ርስቱ የሚወስደውን መንገድ በእግሯ ያዘችው። ጭጋጉ ከወንዙ ላይ ተነስቶ የዛፎቹን ወገብ ሸፍኗል። ስትደርስ የአባቷ ቤት በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ፍራሹ በገመድ ታስሯል። የናስ ድስቱ፣ ወንበሮቹ፣ የእናቷ የልብስ ስፌት መኪና ግድግዳው ሥር ተደርድረዋል። ፕሪሞ እሳቱ አጠገብ ቆሞ በአንዲት በቀረች ድስት የበቆሎ ገንፎ ያማስላል።

«ምንድን ነው ይሄ አባባ?»

«ገንፎ ነው። ጨው ትንሽ ረሳሁ።»

«ፍራሹን ማለቴ ነው!»

«እሱንማ ያንቺ ስም ቲያትሩ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ዕለት አስቤ ዛሬ ጠዋት ነው ያሰርኩት» አለ ማማሰያውን ሳያቆም። «እኔ ዶና ኦታቪያን ከአርባ ዓመት በላይ አውቃታለሁ። ላም ልትራገጥ ስትል ጆሮዋን ወደ ኋላ ታጥፋለች። ሴትዮዋም ጆሮዋን ካጠፈች ቆየች። ምን አለችሽ?»

ነገረችው። ሁሉንም። የመጨረሻዋን ቃል ስትናገር ፕሪሞ ማማሰያውን አስቀምጦ ወንበር ሳበ።

«እንግዲህ አወቅሽው።»

«አንተ ታውቅ ነበር?»

«ባቡርሽ የሄደ ዕለት መንሽ ይዤ ልወጋው ሄጄ ነበር። ልጄን ጣቢያ ላይ ያዋረዳት ወንድ ብዬ። በረቱ ኋላ ተቀምጦ እንደ ሕፃን ሲነፋረቅ አገኘሁት። ነገረኝ። እኔማ 'እንውጣ፣ ጋሪ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሰባት ጊዜ ተሰድጃለሁ' አልኩት። ግን እናትሽ...» ወደ ልብስ ስፌት መኪናው ዞር አለ። «ያን ክረምት ብናወጣት ድልድዩን ሳትሻገር ነበር የምትሞተው ልጄ። በሚያዝያ በገዛ አልጋዋ፣ መስኮቱ ተከፍቶላት ሞተች። ያቺን ሚያዝያ የሰጣት እሱ ነው።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?» ጮኸች። «አሥር ዓመት! አሥር ዓመት ስረግመው!»

«እናትሽ አስማለችኝ። 'ከነገርካት ትመለሳለች፤ ከተመለሰች እዚያ ፒያኖ ላይ ስታስጠና ታረጃለች' አለች። 'የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ' ይባል የለ? ማልኩ፤ አፌን ዘጋሁ። ስትረግሚው ስሰማ ግን እዚህ ጋ ያቃጥለኝ ነበር።» ደረቱን ነካ። «በየሳምንቱ እየመጣ እንጨት ይፈልጥልኛል። ስላንቺ ጋዜጣ የጻፈውን ያነብልኛል። እኔ ማንበብ የማልችል ይመስለዋል፤ እኔም አልነገርኩትም።»

ኤርሲሊያ ሳቋና እንባዋ አንድ ላይ መጣ። ፊቷን በአባቷ ሻካራ እጅ ውስጥ ቀበረች።

«አባባ፣ ነገ ብመራ ማክሰኞ ቤት የለህም።»

«ከከተማው መሃል፣ ከቢስክሌት ጠጋኙ በላይ ሁለት ክፍል አግኝቻለሁ። ደረጃው ዳገት ነው እንጂ ፀሐይ አለው። አንቺ ነገ ያን ዘንግ ካላነሳሽ ግን» አለ ጣቱን እያወዛወዘ «የታሰረ ፍራሽ ላይ ነው የምተኛው፤ በቁጣ! በይ አሁን ብዪ፤ ገንፎው በረደ።»

ጨው በሌለው ገንፎ ላይ አይብ ነስንሰው በሉ። ኤርሲሊያ ስታላምጥ በውስጧ አንድ ነገር እየጠነከረ፣ እየረጋ ሄደ። ፍርሃት አልነበረም። ንዴትም አልነበረም።

*

እሑድ ትዕይንቱ ከቀትር በኋላ ነው። ኤርሲሊያ ከቅዳሴ በፊት ቲያትሩ ገባች። ኮራዶ እዚያው ነበር፤ ከባዶ ወንበሮች መሃል ብቻውን ተቀምጦ የኦቦውን የሸምበቆ ምላስ በትንሽ ቢላ ይፍቃል። ኮቴዋን ሰምቶ ብድግ አለ።

«ማዬስትሮ።»

«ኤርሲሊያ ነው ስሜ። እናትህ ነገረችኝ።»

ቢላዋ ከእጁ ወድቃ ወለሉ ላይ ተንቃጨለች። አላነሳትም።

«ማን ፈቀደልህ ኮራዶ?» ድምፅዋ ቀስ ብሎ ወጣ። «ለሁለት የሚሸከሙትን ሸክም ለብቻህ ልትሸከም ማን ፈቀደልህ?»

«ማንም።»

«የእኔ እናት ነበረች! የእኔ! 'ኤርሲሊያ፣ እንዲህ ተባልኩ፤ ምን እናድርግ?' ማለት አቃተህ?»

«ብልሽ ትቀሪ ነበር።»

«ልቅር! ምርጫው የኔ ነበር!»

«ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር» አለ። «አንድ መንገድ ብቻ ታየኝ። ብትጠይኝ ወደ ኋላ አታዪም፤ ወደ ኋላ ካላየሽ ሩቅ ትደርሻለሽ አልኩ። ተሳስቼ ይሆናል። ግን ግራትስ ላይ የመራሽውን በሬዲዮ የሰማሁ ዕለት፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ አልተጸጸትኩም።»

«ሩቅስ ደረስኩ። ግን ታውቃለህ? በየአገሩ ኦቦ በተነፋ ቁጥር ጀርባዬን ይበርደኛል። ሰው ያጨበጭብልኛል፤ እኔ በሰው መሃል ያንተን ባዶ ቦታ አያለሁ። ያን ሁሉ ዓመት ጥላቻ አሸክመህ ሰደድከኝ፤ ፍቅርን ለብቻህ አስቀርተህ። ንፉግ!»

ኮራዶ እጁን ሊዘረጋ ብሎ መለሰው። እሷም ወደ እጁ ልትሄድ ብላ ቆመች። በመካከላቸው ያለው አንድ የኖታ መደገፊያ ብቻ ነበር፤ አሥር ዓመት ይሰፋ ነበር።

«ዛሬ እመራለሁ» አለች በመጨረሻ። «ላንተ ብዬ አይደለም። እናትህን ለማናደድም አይደለም። ሥራዬ ስለሆነና ስለምችለው ነው። ሦስተኛው ክፍል ላይ ግን አልመራህም። ዘንጌን አወርዳለሁ። ዜማውን እንደ ልብህ ንፋው።»

«ሌላው ቢበተንስ?»

«መሰብሰብ የኔ ፋንታ ነው።»

ጎንበስ ብላ ቢላዋን አንስታ መዳፉ ላይ አኖረችለት። ጣቶቿ ለቅጽበት እዚያው ቀሩ።

*

ትዕይንቱ ሊጀመር አምስት ደቂቃ ሲቀረው ሲኞር ባርቢየሪ ላቡን እየጠረገ መጣ።

«ሲኞሪና ቶኔሊ... ማለቴ ማዬስትሮ... ዶና ኦታቪያ የቦሎኛው ሰው ለብሶ ተዘጋጅቷል ትላለች። እኔ እንግዲህ ምን ልበል...»

«ከለበሰማ ያምርበታል፤ አዳራሹ ውስጥ ወንበር ይስጡት። ይሄን ኦፔራ በቃሉ ካወቀ ይበልጥ ይጣፍጠዋል።»

አልፋው ወጣች።

መብራቱ ሲያርፍባት ጭብጨባው ሳሳ ያለ ነበር። የግል ሰገነቶቹ እጃቸውን አጣጥፈዋል። ከጣሪያው ሥር፣ ርካሹ ወንበር ከሚገኝበት፣ ዘፋኝ በስህተቱ ከሚለበለብበት ከዚያ የታወቀ ሸንጎ፣ አንድ ጎርናና ድምፅ ወረደ።

«ላሞቹንስ ዛሬ ማን አለባቸው?»

ሳቁ አዳራሹን ናጠው። ኤርሲሊያ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች፤ አንገቷ ሲግል ተሰማት። በዚያው ቅጽበት ከዚያው ከላይ ሌላ ድምፅ ተነሳ፤ ሰባ ሁለት ዓመት የሞላው፣ ከብት ሲጠራ የኖረ ድምፅ።

«ላሞቹም ኦፔራ ሊሰሙ መጥተዋል! አንዷ ይቺውና አጠገቤ ታገሳለች!»

አሁን ሳቁ ተገለበጠ። ያ ጎርናና ድምፅ ዳግመኛ አልተሰማም። ኤርሲሊያ በሳቁ ማዕበል መካከል ጋርዲኒን አየችው፤ ጋርዲኒም ጥቅሻ ሰጣትና ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። «እንጀምር ማዬስትሮ።»

ዘንጓን አነሳች።

ገና በመጀመሪያው ክፍል ዋናው ዘፋኝ ሊፈትናት ከፍተኛዋን ድምፅ ከተስማሙበት በላይ ያዘ፤ ጎተታት፤ ለጠጣት። ኦርኬስትራው ተደናገጠ። ኤርሲሊያ ግራ እጇን ዘርግታ ሁሉንም አቆመችና፣ እንግዳ እስኪወጣ በር ይዞ እንደሚጠብቅ ባለቤት፣ በትዕግሥት ጠበቀችው። ፊቱ ቀላ፣ ከዚያ ጠቆረ። ትንፋሹ ባለቀባት ቅጽበት ስልሳውን መሣሪያ እንደ አንድ ሰው አስገባቻቸው። ከጣሪያው ሥር ያሉት አበዱ። ከዚያ በኋላ ዘፋኙ ከዘንጓ ዓይኑን አልነቀለም።

ሦስተኛው ክፍል ደረሰ። ሙሽራይቱ ወንዝ ዳር ቆማለች። ኤርሲሊያ እጇን ቀስ አድርጋ አወረደች። ከመጀመሪያው ረድፍ ሰው ትንፋሹን ሲውጥ ተሰማ፤ መሪዋ ኖታው የጠፋባት መስሎታል።

ኮራዶ ነፋ።

ልምምድ ላይ የነበረው ፈሪ ዜማ አልነበረም። ዓይኑን ከዓይኗ አልነቀለም፤ በረቱ ኋላ ያለቀሰውን፣ የፈለጠውን እንጨት፣ ያነበበውን ጋዜጣ፣ ዝናብ ላይ የቆመበትን ቀብር አንድ በአንድ በዚያች ቀጭን እንጨት ነገራት። ዜማው በሚሰበርበት ቦታ ላይ አልሰበረውም፤ ትንፋሹን ይዞ አሻገረው። ይህ ስንብት አልነበረም። «አለሁ» ማለት ነበር። የኤርሲሊያ እንባ ጉንጯን ሞልቶ ወረደ፤ አልጠረገችውም። ዜማው አልቆ የመጨረሻዋ ድምፅ ልትሞት ስትል እጇን አነሳች፤ ቫዮሊኖቹም ሙሽራይቱን እንደ ውሃ ከሥር ተቀብለው ተሸከሟት።

ሲያልቅ አዳራሹ ቆሞ ጮኸ። ኤርሲሊያ ወደ ኦቦው እጇን ዘርግታ «ተነስ» አለችው። ኮራዶ ተነሳ። መጀመሪያ ወደ ሬባልዲዎች ሰገነት ዞሮ ለእናቱ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳ፤ በትሕትና፣ በፍቅር፣ ሊሄድ እንደተነሳ ልጅ። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቷት ወደ ኤርሲሊያ ተመለከተ። ዶና ኦታቪያ አላጨበጨበችም። ግን ጥቁር ጓንቷ የሰገነቱን ጠርዝ ጨብጦ አልለቅ ብሎ ነበር፤ ኤርሲሊያም ይህን ስታይ የጠበቀችው ደስታ ሳይመጣላት ቀርቶ ባላሰበችው ሐዘኔታ ልቧ ተነካ።

*

ማክሰኞ ጠዋት ሳን ማርቲኖ በጭጋግ ገባ። በመንገዱ ላይ ጋሪዎች ተከታትለዋል፤ ዶሮ የያዘች ሴት፣ መስታወት ያዘለ ሰው። የፕሪሞን ጋሪ የሚጎትተው ኮራዶ ሬባልዲ ነው፤ እጅጌውን ሰብስቦ፣ እንፋሎት ከአፉ እየወጣ። ከሁሉ በላይ ፍራሹ፣ ከፍራሹ በላይ የኦቦው ሳጥንና የራሱ አንዲት ሻንጣ ተጭነዋል። ኤርሲሊያ ከጎኑ፣ ፕሪሞ ከኋላ እየገፋ ነው።

ዶና ኦታቪያ በርስቱ በር ቆማለች። ሌሊቱን እንዳልተኛች ፊቷ ይናገራል።

«ኮራዶ፣ በሰው ፊት የላም አላቢ ጋሪ ትጎትታለህ?»

«አዎ እማማ። ከአሥር ዓመት በፊት መጎተት ነበረብኝ።»

አሮጊቷ ብዙ ልትናገር አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ሌላ ነበር። «እሑድ... ሦስተኛው ክፍል ላይ...» አለች፤ «ነፍሱን ይማረውና አባትህ ቢሰማህ ኖሮ።» ሌላ አልጨመረችም። በሩን ግን አልዘጋችውም፤ ጋሪው እስኪርቅ ከፍታው ቆመች።

ከድልድዩ አጠገብ ሲደርሱ ኮራዶ ትንፋሹን ሊሰበስብ ቆመ።

«ሐሙስ ወደ ግራትስ ነሽ።»

«ሐሙስ።»

«ልምጣ?»

«ኮራዶ፣ ንዴቴ ገና አልበረደም። አንድ ሳምንት አይበቃውም። አንዳንድ ቀን ሳይታሰብ ይነሳብኛል።»

«ይነሳ። እዚያው ሆኜ እሰማዋለሁ።»

ኤርሲሊያ የተንሸራተተውን ፍራሽ አስተካከለች። «በኦርኬስትራው የኦቦ ቦታ ተከፍቷል» አለች። «ግን ተፈትነህ ነው። ከፈታኞቹ መሃል አልቀመጥም፤ ቃልም አልናገርልህም።»

«ብወድቅስ?»

«ወድቀህም ባሌ ትሆናለህ።»

ኮራዶ የጋሪውን እጀታ እንደያዘ ራሱን አቀረቀረ፤ ትከሻው ተናወጠ።

«እናንተ ልጆች!» ፕሪሞ ከኋላ ጮኸ። «ልትሳሳሙ ከሆነ ቶሎ በሉ፤ ጋሪው ወደ ኋላ እየወረደብኝ ነው!»

ኤርሲሊያ ሳቀች። ከልቧ፣ ጭጋጉን ሰንጥቆ፣ ከወንዙ ማዶ እስኪሰማ ሳቀች። ከዚያ ከኮራዶ ጎን ገብታ እጇን ከእጁ አጠገብ እጀታው ላይ አሳረፈች። እንጨቱ ቀዝቃዛ ነበር፤ የሱ እጅ ግን ይሞቃል። ያን ሙቀት እያደመጠች፣ ወገቧን አጠንክራ፣ ከሱ እኩል ጎተተች።